ለማንም የማይሰጠው ፔጆ

ሬሳውን እኔ ሳልደርስ ከመኪናው አውጥተውታል። ስንት ጊዜ ጮህኩ በዚህ ነገር! «ፖሊስ ሳይመጣ አትንኩ» ብዬ ያልተጣላሁት ቀበሌ የለም። ግን ምን ላድርጋቸው? ሟች ሙስሊም ነው፤ ቀኑ ሳይመሽ መቀበር አለበት። ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ ሬሳ ማንሳት የማያውቅ ሰው በሀብሩ ወረዳ የቀረ አይመስለኝም። ጋቢ አልብሰው ከግራር ሥር አስተኝተውታል።

ቦታው ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲመጡ፣ ሲሪንቃ ሳይደርሱ ያለው መታጠፊያ ነው። ነጩ ፔጆ አፍንጫውን ከሸለቆው ድንጋይ ጋር አጋጭቶ ኋላው ወደ ላይ ተሰቅሏል። በሩ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ፤ የጃንሆይ ጊዜ የመኪና ውድድር ቁጥር ነው። ያን መኪና የማያውቅ የለም። የመርሳው ሐጂ ሰይፈዲን በጉብዝናቸው ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሰሜኑን ዞሮ በሚመለሰው ረጅም ውድድር ላይ የነዱት ነው። ስንቱ አዲስ መኪና መንገድ ላይ ተሰብሮ ሲቀር የሐጂ ፔጆ እየተንገዳገደም ቢሆን ገብቷል ይባላል።

የሞቱት ግን ሐጂ አይደሉም። ሟቹ ዓሪፍ ነው፤ መርሳ ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው። በጦርነቱ ታጣቂዎች ከተማውን ሲወሩ ሱቁ ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ቀርቶለት ነበር። ዛሬ ጠዋት የሐጂን መኪና ተውሶ ወልድያ ዕቃ ሊያመጣ ወጣና እዚህ ቀረ።

«ኢንስፔክተር ፀዳለ፣ ብዙ አላለፋዎትም» አለኝ ታናሽ ወንድሙ ሂሻም። ክላሹ ትከሻው ላይ ነው። በዚህ ሰሞን እኛ አገር ክላሽ ያልያዘ ጎልማሳ ስፈልግ የማገኘው ኢማሙንና ቄሱን ነው። «ገዳዩ የወልድያው መካኒክ ዳምጠው ነው። የዚህን መኪና መሪ የገጠመው እሱ ነው።»

«መርማሪ የሆንከው መቼ ነው አንተ?»

«መሪው ተፈቶ ነው የወደቀው። ወርደው ይዩት!»

«እሺ፣ ለምን ብሎ ይገድለዋል?»

«ታጣቂዎቹ ወልድያን ይዘው በነበረ ጊዜ መኪናቸውን ሲጠግን ከርሟል። ወንድሜ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ባንዳ ብሎ ሰድቦታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ግንባሩ ላይ ጠመንጃ ተደቅኖበት የጠገነ ሰው ባንዳ ነው?»

ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዕድሜው ገና ነው፣ ወንድሙ ነው ያሳደገው።

«አሁን ወስደን እንቀብረዋለን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀብሩ ሲያልቅ ወልድያ እመጣለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኙልኝ ዳምጠውን ያለበት ድረስ ገብቼ እደፋዋለሁ።»

«ይህን ለፖሊስ ነው የምትነግረው?»

«ለማን ልንገር ታዲያ?»

እዚያው መሣሪያውን ልቀማው አሰብኩ። ከኋላው የቆሙትን የአጎት ልጆች፣ ትከሻቸው ላይ ያለውንም አየሁና ተውኩት። እኔ ያለኝ አንድ ሽጉጥ ነው። ያለበት ድረስ እገባለሁ ያለውም ፉከራ አይደለም። ዳምጠው ወሬውን እንደሰማ ራሱ ሮጦ መጥቶ «እሰሩኝ» ብሎ ጣቢያችን ገብቷል። ጣቢያችን ደግሞ በር የለውም። እየቀለድኩ አይደለም፤ በሩንም መስኮቱንም ታጣቂዎቹ ነቅለው ወስደውታል። እንግዲህ አንድ ሰው ሳይሞትብኝ ገዳዩን ለማግኘት ያለኝ ጊዜ ቀብሩ እስኪያልቅ ነው።

ቀሚሴን ሰብስቤ ሸለቆው ወረድኩ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ያደግኩት ከመኪና ሥር ለተኛ ሰው መፍቻ እያቀበልኩ ነው። የግራው ጎማ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የቀኙ ግን እንደተሰበረ ክንፍ ወደ ውጭ ተገንጥሏል። መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ዘንጉ ጫፉ ላይ ቡሎን አለው፤ ቡሎኑ በዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶው በመንገድ ንዝረት ዞሮ እንዳይወጣ ደግሞ በቡሎኑ ቀዳዳ ትንሽ የሽቦ ቁልፍ ይገባና ይታጠፋል። ጋራዦች ኮፒሊያ ይሉታል። እዚህ ግን ኮፒሊያም ዳዶም የለም።

የቡሎኑን ጥርስ በጣቴ ዳሰስኩት። አልተበላም። ወደ መንገዱ ወጥቼ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ ወደ መርሳ በኩል ተመለስኩ። ሰዎቹ «ምን ጠፍቷት ነው?» ሲሉ እሰማለሁ። ዳዶውን ከመታጠፊያው በፊት፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አገኘሁት። እሱም ደህና ነው። በግጭቱ ተበጥሶ ቢሆን ጥርሱ ተልጦ ሸለቆው ውስጥ ይገኝ ነበር። ይህ ግን ቀስ በቀስ እየዞረ ወጥቶ ነው የወደቀው፤ ኮፒሊያ የሚባል ነገር ሳይዘው።

ሲያልፍ ከነበረ አይሱዙ መፍቻ ለምኜ ዘንጉን ጎማው በተገነጠለበት በኩል ፈታሁና ይዤው ወልድያ ገባሁ።

*

ዳምጠው ባዶው ክፍል ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ኮንስታብል ሞላ በር በነበረበት ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር ጎትቶ ተቀምጦበታል። በሩ እሱ ነው እንግዲህ።

«ኮፒሊያውን ረስተሃል?» አልኩት ዳምጠውን፣ ሰላምታም ሳልሰጠው።

«በልጆቼ እምላለሁ እትዬ! አስገብቼ፣ አጥፌ፣ ሐጂን ጠርቼ ‹ይዩት› ብያቸዋለሁ።»

«ይህ ዘንግ ለምን ተፈታ መጀመሪያ?»

«ታጣቂዎቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ መኪናው እንዳይወሰድበት ባትሪ ፈታ፣ ጎማ ፈታ። እነሱ ባትሪ አጡ እንዴ? ገጥመው ነዱት። ሐጂ ግን የውድድር ሰው ናቸው፤ ይህን ዘንግ አወጡት። ያለዚህ አንዱ ጎማ ወደ ሐራ፣ አንዱ ወደ ላሊበላ ነው የሚያየው፤ ተጎትቶም አይሄድ። ዘንጉን ቀበሩት። የት እንደቀበሩት የሚያውቁት እሳቸውና ልጃቸው አብዱልሐሊም ብቻ ነበሩ።»

የአብዱልሐሊምን ነገር አውቃለሁ። አንድ ሰው «መኪናው ደህና ነው፣ ዕቃው ያለበትን የሚያውቀው ልጁ ነው» ብሎ ጠቆመና ታጣቂዎቹ ከቤቱ አወጡት። ዘንጉን አምጣ አሉት፤ አላመጣም። ወንዙ ዳር ወስደው ገደሉት። የጠቆመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዳንዱ ዳምጠው ነው ይላል፤ ለዚህም ነው የሂሻም ዛቻ ብዙ አጃቢ ያገኘው።

«ስትገጥመው አጥበኸዋል?»

«በቤንዚን ላጥበው ስል ሐጂ ከለከሉኝ። እንዳይዝግ ብለው ከመቅበራቸው በፊት በሞራ ለውሰውታል፤ ጥርሱም ቀዳዳውም በሞራ ተደፍኖ ነበር። ‹ተወው፣ ይጠብቀዋል› አሉኝ። እንዳለ ገጠምኩት።»

ዘንጉን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ሞራው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ በየስንጥቁ ጠንክሯል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ግን ክፍት ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሞራው በአንድ በኩል ተገፍቶ ወጥቶ እንደ ጉትቻ ተንጠልጥሏል፤ የቀዳዳው ከንፈር ላይም አዲስ የሚያብለጨልጭ ጭረት አለ። ዳምጠው ረስቶት ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው እንደተደፈነ ይቀር ነበር። ኮፒሊያ ገብቶበታል፤ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ጎትቶ አውጥቶታል።

«አልረሳህም» አልኩት።

እንደ ሕፃን አለቀሰ። «በይ እንግዲያ ለሂሻም ንገሪልኝ!»

«ሂሻም ስም ነው የሚፈልገው። ኮፒሊያውን ሳይታይ ማን ሊያወጣው ይችላል?»

«እንጃ። የውድድር መኪና ስለሆነ ድንጋይ እንዳይመታው ከሥሩ በብረት ተሸፍኗል። እኔ ብረቱን ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።»

ብረቱን ሸለቆው ውስጥ አይቼዋለሁ። እንደታሰረ ነው፤ ቡሎኖቹ ላይ ያለው አቧራም አልተነካም።

«ብረቱ ሳይፈታስ?»

እጁን አዙሮ አሳየኝ። «መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ፣ ጎማው ሲዞር ከኋላው እጅ ማስገባት ይቻል ይሆናል። ሞክሬው አላውቅም።»

*

የጣቢያው ፒክአፕ ከበሩ ጋር አብሮ ስለሄደ መርሳ የሄድኩት በባጃጅ ነው። ኢንስፔክተር ሆኜ በባጃጅ ገዳይ ፍለጋ! ይስቃሉ ሰዎች፤ ይሳቁ።

የዓሪፍ ሚስት ናጅዋ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል። ወደ ጓዳ ወስጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። ሐጂ መኪናቸውን ለማንም አይሰጡም ሲባል ነው የምሰማው።»

«ለገዛ ልጃቸውም አልሰጡም። ዓሪፍ ደጋግሞ ለምኗቸው እምቢ ብለውታል። ትናንት ግን ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጥተው ‹ነገ ውሰደው› አሉት። እኔ ሞኟ እጃቸውን ሳምኩ!» እጇን አየችው፤ ሐጂ የያዙት እጅ ይመስል። «ዛሬ ጠዋት ስንቅ ይዤለት እስከ ግቢያቸው ሸኘሁት።»

«ሲለያዩ ምን ተባባሉ?»

«አውፍ ተባባሉ። መንገድ አይደል? ዘመኑ ክፉ ነው፣ ማን ይመለሳል ማን ያውቃል። ሐጂ ‹ዓሪፍ፣ ያስቀየምኩህ ካለ አውፍ በለኝ› አሉት፤ አውፍ አላቸው።»

ይህ እኛ አገር ሙስሊሙ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሰው ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ወይ ሲታመም፣ የበደለው ካለ በምድር ይቅር ተባብሎ ይለያያል። የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ናጅዋ ግን ቀጠለች።

«ከዚያ ‹አንተስ? እኔ አውፍ የምልህ ነገር የለህም ወይ?› አሉት። ‹የለም ሐጂ› አለ። እንደገና ‹አስብ እስቲ፣ የለህም?› አሉት። ‹ወላሂ የለም› አለ። ቁልፉን ሰጡት።»

«ጠላት ነበረው?»

ፊቷ ጠቆረ። «ለይላ አለች አይደል! የአብዱልሐሊም ሚስት። ዓሪፍ በደጇ ባለፈ ቁጥር ትተፋለች። መኪናውም ያደረው እሷ ግቢ ነው። ኢንስፔክተር፣ ሌላ ሰው አይፈልጉ!»

*

ለይላ በአማቷ በሐጂ ግቢ ነው የምትኖረው። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ዓይኗን የማትሰብር ሴት።

«ናጅዋ ላከችሽ» አለችኝ።

«የላከኝ መንግሥት ነው። ለምን ትተፊበታለሽ?»

«ባሌ በተገደለ ማግስት እነሱ ቤት እልል ተባለ። ታጣቂዎቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስረውት የነበረው ሂሻም ተፈትቶ ነዋ። እኔ ጠቁሬ፣ እነሱ እልል! ጎረቤት እንዲህ ያደርጋል?»

ቂሟ ገባኝ። በሴትየዋ ቦታ ብሆን ከመትፋትም አልፋለሁ። ዓይኔ ግን መሬቱ ላይ ነበር። ግቢው ንጹሕ ነው፤ የመጥረጊያው መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በአፈሩ ላይ ይታያል። ፔጆው የቆመበት ቦታ አፍንጫው ወደ በሩ እንደነበር የጎማው ዱካ ይናገራል፤ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። የፊት ጎማዎቹ በቆሙበት ላይ ግን አፈሩ ክብ ሆኖ ተፍቋል። መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ሰው መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ መልሶታል። የተፋቀው ክብ ደግሞ የመጥረጊያው መስመር ላይ ነው ያረፈው።

«ግቢውን መቼ ጠረግሽ?»

«ትናንት አመሻሽ፣ ለመግሪብ አዛን ሲል። መኪናው ቆሞ ነበር፤ ዙሪያውን ጠርጌያለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም። በሩን ከውስጥ የምንቆልፈው እኔና ሐጂ ነን።»

«እንግዲያ ለይላ፣ መሪውን የጠመዘዝሽው አንቺ ነሽ?»

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «መኪና ምኑ እንደሚጠመዘዝ አላውቅም። ሰው መግደል ብፈልግ መጥረጊያዬ እንጨት አለው። ደግሞ ዓሪፍን ብጠላውም ለአንዲት ነገር አመሰግነዋለሁ። ከተማው ነፃ እንደወጣ ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። ‹አብሽሩ፣ አብዱልሐሊም ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ሸሃዳውን ሁለቴ ብሎ ነው የሄደው› አለን። እሷን ይዤ ነው የማድረው። ባሌ የእምነቱን ቃል ሳይናገር፣ ያለ ሸሃዳ አልሞተም።»

ዓይኔን ከአፈሩ ላይ አነሳሁ።

«ለይላ፣ ባልሽን ወንዙ ዳር ሲወስዱት ማን አብሮ ነበር?»

«ማንም አልነበረም። ሰው አላስጠጉም። ሬሳውን ያገኘነው በነጋታው...» አፏ ክፍት ቀረ። ቀስ ብላ በግድግዳው ተደግፋ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ቀን እንደ መድኃኒት የያዘችው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገና ገባት።

«ሐጂ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«ምንም» አለች በሹክሹክታ። «ተነስተው ወጡ። ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ መስሎኝ።»

*

መቃብሩ ስደርስ የመጨረሻው አፈር እየተመለሰ ነበር። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ሐጂ ሰይፈዲን ብቻ ራቅ ብለው ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ አሮጌ የቆዳ ጃኬት።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። የጀናዛው ሶላት ላይ አልቆሙም?»

«አልቆምኩም» አሉ።

ሞተር ሳይክል ሲነሳ ሰማሁ። ሂሻም ነው፤ ክላሹን አንግቶ ወደ ወልድያ። ሐጂም አዩት። ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«የት ነው የሚሄደው?»

«ዳምጠውን ሊገድል። መሪው እንዲፈታ ያደረገው እሱ ነው ብሏል።»

«ዳምጠው? ዳምጠው ምን አደረገ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «አሮጌ መኪና ነው፣ ዕቃው አልቆ ነው ይባላል ብዬ... ልጄ፣ ፍጠኚ። ሰው በእኔ ኃጢአት ሊሞት ነው።»

ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መርሳን እንደወጣን ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«በውድድሩ ጊዜ ያቺ ኮፒሊያ ቁልቁለት ላይ ተቆርጣብኛለች። ያኔ አላህ አተረፈኝ። ጎማውን ጠምዝዤ፣ እጄን ከኋላ አስገብቼ ምስማር አስገባሁባትና ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜም አገኛታለሁ።» ወደ ሾፌሩ ጮሁ። «አንተ! ማርሽ ቀንስ እንጂ፣ ዳገት ነው፣ ምን ታስጮኸዋለህ!»

«ልጅዎን የጠቆመው ዓሪፍ መሆኑን በምን አረጋገጡ?»

«ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ! ልጄን አሳልፎ ሰጥቶ፣ ቆሞ ሲሞት ሰምቶ፣ ቤቴ መጥቶ ሊያጽናናኝ!» እጃቸው ጉልበታቸውን ጨምድዶ ያዘ። «ልጄ የሞተው ያን ዘንግ ደብቆ ነው። እኔም ያንኑ ዘንግ ለዓሪፍ ሰጠሁት። ሌላ መኪና አልፈለግኩም፣ ጥይት አልፈለግኩም። ያን መኪና ከዓይኔ አስበልጬ ነው የያዝኩት፤ ሲሰበርም አላዘንኩ።»

«‹አውፍ በሉኝ› ቢልዎትስ ኖሮ?»

እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ከተቱና አወጡት። ኮፒሊያዋ መዳፋቸው ላይ ናት፤ ሞራው አልለቀቃትም።

«ይዣት ነበር የጠየቅኩት። አንዲት ቃል፣ ‹ሐጂ ሰይጣን አሳሳተኝ› ብቻ ቢለኝ መልሼ አስገባት ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። በአላህ ስም ምሎ ካደኝ።»

ተቀብዬ በመሐረቤ ቋጠርኳት። ልቆጣቸውም ፈለግሁ፣ አብሬያቸው ላለቅስም ምንም አልቀረኝም። መንገዱ ደግሞ አላልቅ አለ።

*

ሂሻም ጣቢያው ውስጥ ነበር። ሞላ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከዳምጠው ፊት ቆሟል፤ ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። የክላሹ አፈሙዝ ደረቱ ላይ ነው።

«ዞር በል አልኩህ!»

«አልዞርም» ይላል ሞላ። «ኢንስፔክተር ሳትመጣ አልዞርም።»

«መጥቻለሁ» አልኩ። «ሂሻም፣ ሌላ ሰው ያግኙልኝ ብለኸኝ ነበር።»

ሐጂ አልፈውኝ ገቡ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ኮፒሊያዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየውን ተወው።»

አፈሙዙ ወደ ሐጂ ዞረ። ሂሻም ግን ግራ ገብቶታል። «ሐጂ? ለምን? ወንድሜ ምን አደረገዎት?»

«አብዱልሐሊምን የጠቆመው እሱ ነው። ወንዙ ዳር ቆሞ ሸሃዳውን ሰምቷል። ራሱ ነገረኝ።»

«ይዋሻሉ! ዓሪፍ ሰው አሳልፎ አይሰጥም! ሱቁን ሲዘርፉት እንኳ የጎረቤቱን ቤት አላሳየም! መቼ? መቼ ነው የጠቆመው?»

«ልጄ የሞተው ጁምዓ ነው። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ።»

የሂሻም ክላሽ ከሐጂ ደረት ዝቅ አለ።

«እኔን የፈቱኝ ጁምዓ ነው» አለ። «መግሪብ ላይ። ዓሪፍ ራሱ መጥቶ ከትምህርት ቤቱ አወጣኝ። ‹ነገ ጠዋት እንረሽንሃለን ብለውኝ ነበር፣ ምን ሰጥተህ አስፈታኸኝ?› አልኩት። ‹ዝም ብለህ ሂድ› አለኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰ ነበር። ለደስታ መስሎኝ።»

ዳምጠው ከጥጉ ቀና ብሎ ሂሻምን ያያል።

ሐጂ ልጁን ከእግር እስከ ራስ አዩት፤ ገና ዛሬ እንዳገኙት ሰው። «እንግዲያ ልጄ በአንተ ነው የተለወጠው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንስፔክተር፣ ቅድም ያልኩሽን ሰርዢው። ይህን ቢነግረኝ ኖሮም አልመልሳትም ነበር።»

ሂሻም ክላሹን አቀባበለ። ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ ገነነ።

«ተኩስ» አሉት ሐጂ። «ልጅ የለኝ፣ የሚበቀልልኝ የለም። ደምህን መልስና ተገላገል።»

መሐላቸው ገብቼ ቆምኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ እግሬ ነው ያስገባኝ። «ሂሻም» አልኩት፣ «ወንድምህ ያን ሁሉ ያደረገው አንተ እንድትኖር ነው። እሳቸውን ገድለህ ዕድሜህን እስር ቤት ብትጨርስ ዓሪፍ ለምን ሞተ?»

ንግግሬ ነው ያቆመው ብል ውሸት ነው። እኔን የሰማም አይመስለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ክላሹን ከእጁ ወሰድኩ፤ አልተከላከለም። ዳምጠው ተነስቶ፣ ጫማውን ፈልጎ፣ በሁላችንም መሐል አልፎ ወደ ልጆቹ ሄደ። እግዜር ይስጥልኝም አላለኝ፤ አልፈረድኩበትም። ሐጂ እጃቸውን ለሞላ ሰጡት፤ ሞላም ካቴና ስለሌለን በገመድ አሰራቸው።

«ሂድ ወደ ቤትህ» አልኩት ሂሻምን። «ለቅሶ ነው። እናትህ ትጠብቅሃለች።»

«ገዳዩን ይዤ ካልመጣሁ ፊቴን አታዪውም ብያት ነው የወጣሁት» አለ። «‹ማን ገደለው?› ስትለኝ ምን ልበላት?»

መልሱን የሰጡት ሐጂ ናቸው፤ ሞላ ገመዱን እያጠበቀባቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ሐጂ ሰይፈዲን ገደለው በላት። ለምን ካለችህ ግን፣ እሱን ራስህ ንገራት።»